የሆንዳዋ ፈለቀች

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፈለቀች የሚባሉ ሁለት ሴቶች አሉ። አንደኛዋ የዳቦ ቤቷ ፈለቀች ናት። ሁለተኛዋን ሰው ሁሉ «የሆንዳዋ ፈለቀች» ይላታል። ይህቺኛዋ መኪና የላትም፤ መሪ ይዛም አታውቅም። ሆንዳን በእጇ የነካችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም መለዋወጫ በምትሸጠው በሐጀራ ሱቅ በር ላይ ለሽያጭ የተደገፈ የሆንዳ ፓራውልት ነበር፤ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋለት፣ ሰው አይቶኝ ይሆን ብላ ዙሪያዋን ቃኝታ ወደ ቤቷ ወጣች።

ስሙ የወጣላት በእሁድ ከሰዓት ነው። ባሕር ማዶ የሚደረግ የቱሪንግ መኪኖች ውድድር አለ። መኪኖቹ መሬት ላይ የተለጠፉ፣ ለሩጫ ብቻ የተፈጠሩ ዓይነቶች አይደሉም። ቃሊቲ አደባባይ ቆመን በየቀኑ የምናያቸው ባለ አራት በር የቤት መኪኖች ናቸው፤ ወንበራቸው ወጥቶ፣ ሞተራቸው ተጠናክሮ፣ ጎናቸው በቀለም ተዥጎርጉሮ ይሮጣሉ። ይጋፋሉ፣ ይላተማሉ፣ አንዱ የሌላውን ስፖኪዮ ነቅሎ ያልፋል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይወዳደሩና መጨረሻ ላይ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ኩባንያ የዓመቱ አሸናፊ ይባላል።

በብሎኩ ውስጥ ይህን ውድድር የሚከታተሉት አራት ሰዎች ናቸው፤ የሚያዩትም ግራውንድ ላይ ባለው የሐጀራ መለዋወጫ ሱቅ ነው። ሐጀራ የስልጤ ሴት ናት። ባሏ ሙህዲን ሲሞት ሱቁን ብቻዋን ያዘች፤ ዛሬ አንድ ካንዴላ በእጇ ይዛ የየትኛው መኪና እንደሆነ ለመናገር መነጽሯን አትፈልግም። ከሱቁ ጣሪያ ላይ ትልቅም ትንሽም ስፖኪዮ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ነፋስ ሲገባ መስታወቶቹ ይዞራሉ፤ አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ የሐጀራን ሻሽ፣ አንዱ ከሱቁ ፊት ለፊት ያለውን የብሎኩን ደረጃ ያሳያል።

ሐጀራ ሀዩንዳይን ትደግፋለች፤ ሟቹ ሙህዲን ሀዩንዳይ ይነዳ ነበርና። የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞችን በሚኒባስ የሚያመላልሰው ሁንዴ የቶዮታ ነው። ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራው ሉቃስ ደግሞ ቢኤም ይደግፋል።

«በአውቶቡስ እየተጋፋ ቢኤም የሚደግፍ ሰው አይቼ አላውቅም» ይለዋል ሁንዴ።

«አንተስ ቶዮታ እየነዳህ አይደል ከኔ ኋላ የምትደርሰው» ይመልሳል ሉቃስ።

አራተኛዋ ፈለቀች ናት።

ያደገችው አቃቂ፣ ባቡር ሐዲዱ ዳር ነው። በአፍላነቷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታ ጡረታ እስክትወጣ ፈትል ክፍል ሠራች። በረድፍ የቆሙት እንዝርቶች ሲሽከረከሩ በመሀላቸው እየተመላለሰች የተበጠሰውን ክር ትፈልጋለች፤ ስታገኘው በጣቷ ቀጥላ ታስኬደዋለች። ከዚያ ሁሉ ሩጫ መሀል አንዷን ቀጭን ክር መለየት ዓይኗ ላይ ቀረ። ባሏ ሰይፈሥላሴ ካረፈና ልጇ እየሩሳሌም አግብታ ሐዋሳ ከሄደች በኋላ ግን ዓይኗ የሚጠብቀው ነገር አጣ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላት ሦስተኛ ፎቅ ስትገባ፣ ብዙውን ጊዜ መስኮቷ ላይ ቆማ የሚያልፈውን መኪና ታይ ነበር።

አንድ እሁድ ጀሪካኗን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ከሐጀራ ሱቅ የሞተር ጩኸት ሰማች። በሩ ላይ ቆመች።

«እነዚህ የቤት መኪኖች አይደሉም እንዴ?» አለች፣ ለራሷ የምትናገር ያህል በዝግታ።

«ውድድር ነው እማማ» አላት ሁንዴ ዘወር ብሎ። «ይሰለችዎታል።»

ፈለቀች ዓይን አፋር ናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቅርታ ብላ ትሄድ ነበር። ግን ልክ በዚያን ጊዜ አንዲት ነጭ ሆንዳ ከኋላ ተገጭታ ተሽከረከረችና ሣር ውስጥ ገባች። ሁሉም «አበቃላት» አሉ። ሆንዳዋ ግን ጭቃዋን አራግፋ ወጣች፤ ፓራውልቷ በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ አስፋልቱን እየፋቀ፣ ከመጨረሻው ተነሥታ የቀደሟትን ታልፍ ጀመር። ፈለቀች ባዶ ጀሪካኗን አጋድማ ተቀመጠችበት።

«ነጯ የት ደረሰች?» አለ ሁንዴ ከቆይታ በኋላ። ሉቃስ በጣቱ መቁጠር ጀምሮ ጠፋበት።

«ከሰማያዊዋ ኋላ ናት» አለች ፈለቀች። «አሁን ልታልፋት ነው።»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ያዘች። ሆንዳዋ አላሸነፈችም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ፓራውልቷን እየጎተተች ገባች። ለፈለቀች ይህ በቂ ነበር። በሳምንቱ ስትወርድ ሐጀራ ከአንድ አሮጌ ሚኒባስ የተነቀለ የጋቢና ወንበር በብሎኬት ላይ አስቀምጣ ጠበቀቻት።

«ይሄ ያንቺ ነው» አለቻት። «ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ውድድር አይታይም።»

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል።

ጀሪካኑ ግን ከነገሩ አልወጣም። እንዲህ ነው የሆነው። ውድድሩን የሚያስተላልፉት ሰዎች በእንግሊዝኛ ስለሚናገሩ ለሦስቱ የሚተረጉመው ሉቃስ ነው። አንድ እሁድ ባሸነፈችው መኪና ወለል ላይ ሰዎች ጠፍጣፋ ብረት ሲያስሩ ታየ።

«ምንድነው የሚጭኑባት?» አለች ሐጀራ።

«ያሸነፈች መኪና ለሚቀጥለው ውድድር ክብደት ይጨመርባታል» አለ ሉቃስ። «ቆይ፣ እያብራራ ነው። ክብደቱ የሚለካው ግን…»

መብራት ጠፋ። ያን ቀንም ተመልሶ አልመጣም። እነሱም ከደንቡ ግማሹን ይዘው ቀሩ፤ ግማሹ ደግሞ ስለጣማቸው ሌላውን የጠየቀ አልነበረም።

«አሸናፊ ይሸከማል ማለት ነው» አለ ሁንዴ በጨለማው። «ታዲያ እኛስ ምን ይጎድለናል?»

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ መጥቶም ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ከግቢው ሮቶ ቀድቶ ደረጃ መውጣት የሁሉም የሰኞ ጠዋት ሥራ ነው። ስለዚህ ወሰኑ፤ እሁድ መኪናው ያሸነፈችለት ሰው፣ ሰኞ ለተሸነፉት አንዳንድ ጀሪካን በየበራቸው ያደርስላቸዋል።

«እማማን አይመለከትም፣ ግልጽ ነው» አለ ሁንዴ።

ፈለቀች በዚያ ሱቅ ውስጥ ድምጿን ከፍ ያደረገችው ያን ቀን ነው። «ለምን አይመለከተኝም? ሆንዳዬ ካሸነፈች እሸከማለሁ። ካልሆነ ከዚህ ወንበር እነሣለሁ።»

ሳቁ። በወሩ ሆንዳ አሸነፈችና ፈለቀች ጀሪካኑን በነጠላዋ ጀርባዋ ላይ አስራ ሁንዴ ያለበት አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣች። ሁንዴ በሩን ከፍቶ ሲያያት ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በተራው ቶዮታ ስታሸንፍ የሷን ጀሪካን በሯ ላይ አስቀምጦ፣ «የሆንዳ እናት፣ ውሃዎ መጥቷል» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ማንም ለዕድሜዋ አልሳሳላትም። ሆንዳ ቶዮታን ስትገፋ ጥፋቱ የሷ ይሆናል።

«እማማ፣ ያቺን ልጅዎን ሥርዓት ያስተምሯት እንጂ!»

«መንገድ ዘግታባት ምን ታድርግ? ፍሬቻ አሳይታለች።»

«ውድድር ላይ ምን ፍሬቻ አለ?»

«እንግዲያው ያንተ ቶዮታ ከሚኒባስህ ተምራለች፤ መሀል መንገድ ላይ ትቆማለች።»

ፈለቀች ከሦስተኛ ፎቅ የምትወርደው ለዚህ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሰው ቦታ ይለቅላታል፤ ታክሲ ውስጥ «ይቀመጡ እናቴ» ይሏታል፤ ልጇ ስትደውል ደህና መሆኗን ብቻ ትጠይቃለች። የሚከራከራት፣ የሚያሾፍባት፣ ዕዳዋን የሚያስከፍላት ሰው ያለው እዚያች ዘይት ዘይት የምትሸት ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ደረጃው ከበዳት። ትንፋሿ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያልቅባታል። ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ቀስ ብላ አስረዳቻት። «ልብዎ ደክሟል እናቴ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ከባድ ነገር ግን አያንሡ።»

ፈለቀች አመስግና ወጣች። መድኃኒቱን ስኳር ዕቃው ኋላ ደበቀችው፤ ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር የሚሆነውን ታውቃለች። ሁንዴ ጀሪካኑን ከእጇ ይቀበላታል። ሉቃስ ስትገባ ይነሣል። ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ «እማማን አታስቸግሯት» ይባባላሉ። ጋቢናዋ ጋቢናዋ ሆኖ ይቀራል፣ እሷ ግን እንግዳ ትሆንበታለች።

ስለዚህ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ሆንዳ ሁለተኛ እንድትወጣ መመኘት ጀመረች። በጸሎት አልጠየቀችም፤ በዚህ ነገር እግዚአብሔርን ማስቸገር አሳፈራት። ዝም ብላ ተቀምጣ «ትንሽ ቀስ በይ የኔ ልጅ» ትላለች በሆዷ። ሆንዳ ግን የዘንድሮን ያህል ሮጣ አታውቅም። ግንቦት ላይ አሸነፈች። ክረምቱ ገብቶ አስፋልቱ ሲረጥብ ደግሞ ጭራሽ የሚይዛት ጠፋ።

ፈለቀች ሰኞ ሰኞ ሰው ሳይነሣ ትወርዳለች። ጀሪካኑን እስከ ግማሹ ቀድታ ታወጣለች፣ ተመልሳ ሌላውን ግማሽ ታመጣለች። በየደረጃው መታጠፊያ ትቀመጣለች። ሰው ሲመጣ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ትነካካለች። ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ደርቆ፣ የግንቡ ቀለም ዓይኗ ላይ ይዋኛል። ከሰዓት ሁንዴ ሲያገኛት «እጅዎ አይዛል እማማ» ይላታል፤ እሷም ትስቃለች።

በዚህ ዓይነት ጥቅምት ደረሰ። ሆንዳና ቶዮታ በነጥብ ተያይዘው ለመጨረሻው ውድድር ቀረቡ። ቀድማ የገባችው የዓመቱ አሸናፊ ናት።

ያን እሁድ ፀሐዩ ደስ ይላል። ሐጀራ የበቆሎ ፈንዲሻ በትልቅ ሳህን አቅርባለች። ሁንዴ ሚኒባሱን አጥቦ በር ላይ አቁሞታል። ፈለቀች ጋቢናዋ ላይ ተቀመጠች፤ ቁርጧንም አወቀች። ዛሬ ሆንዳ ከተሸነፈች የዘንድሮው አለቀ፣ እስከ ሚያዝያ ሸክም የለም፣ ምስጢሯም ወንበሯም በእጇ ይቆያሉ። ካሸነፈች ግን ነገ ሦስት ጀሪካን አለባት፤ በጋው ከገባ ወዲህ ግቢው ሁሉ ማልዶ ስለሚነሣ በግማሽ በግማሽ ማውጣት አይቻልም።

«ዛሬ ዝም ብለዋል እማማ» አለ ሁንዴ። «ፈሩ እንዴ?»

«ምን ያስፈራኛል።»

መኪኖቹ ተነሡ። ቶዮታ ከመጀመሪያው መራች፤ ሆንዳ ከኋላዋ ተለጠፈች። ኩርባ በመጣ ቁጥር አፍንጫዋን ታስገባለች፣ ቶዮታ ትዘጋባታለች። ሁንዴ ከተቀመጠበት በርጩማ ተነሥቶ ፍሬን በሌለበት በእግሩ ይረግጣል። ሉቃስ ቢኤሙ ገና ድሮ ስለወጣችበት ፈንዲሻውን ብቻውን ይጨርሳል። ፈለቀች እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ «ይሁን፣ ይሁን፣ እዚያው ቆይ» ትላለች በልቧ።

መጨረሻው ዙር ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ገጠሙ። በር ለበር ተፋተጉ፤ ከሆንዳዋ ጎን አንድ ነገር ተገንጥሎ በረረ። ስፖኪዮዋ ነበር። ሆንዳዋ ተንገዳገደች፣ አንድ ጎማዋ ሣር ረገጠ።

«አለቀላት» አለ ሁንዴ።

«አላለቀላትም» አለች ፈለቀች።

ቆማ ነበር። መቼ እንደተነሣች አታውቅም። ነጠላዋ አፏ ላይ ነው። ከሣሩ ወጥታ፣ ጭቃ እየረጨች፣ ያቺ መኪና እንደዚያ የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ ባየች ጊዜ ልቧ ውስጥ የተመኘችው ሁለተኛነት ሁሉ ወዴት እንደሄደ ጠፋባት። «ነይ» አለች በነጠላዋ ውስጥ። «ነይ የኔ ልጅ፣ ነይ።»

ዳማ የመሰለው ባንዲራ ሲውለበለብ ሆንዳ በአፍንጫዋ ቀድማ ነበር።

ሁንዴ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆየ። ከዚያ ዞሮ ጎንበስ ብሎ ጨበጣት። «እንኳን ደስ ያለዎት የሆንዳ እናት። ነገ እጠብቅዎታለሁ፤ የኔ አራተኛ ፎቅ መሆኑን እንዳይረሱ።»

«አልረሳም» አለች ፈለቀች። ሳቋ እውነተኛ ነበር። ቀጥሎ ፊቷ ላይ የመጣውን ፍርሃት ግን ሐጀራ አየች፤ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርጋ ወደ ሉቃስ ዞረች።

«አንተ፣ የጠየቅኩህን አገኘህ?»

«አግኝቼዋለሁ።» ሉቃስ እጁን ከፈንዲሻው አራግፎ ስልኩን አወጣ። «ያኔ መብራት የጠፋ ቀን የቀረውን ነው። እትዬ ሐጀራ ፈልግ ብላኝ የውድድሩን ደንብ ሳነብ ሰነበትኩ። ግማሹን ነው የነገርኳችሁ ለካ። ክብደት ሲጨመር መኪናዋ የምትመዘነው ከነሹፌሯ ነው። ሹፌሩ ራሱ ከባድ ከሆነ የሚጨመረው ብረት ያንሳል፤ ቀላል ከሆነ ይበዛል። መጀመሪያውኑ ያለውን አብረው ይቆጥሩለታል።»

«ስለዚህ እኛ ሳንመዛዘን ነው ስንሸካከም የኖርነው» አለች ሐጀራ።

ፈለቀች ፊቷ ጋለ። «ማን ነገረሽ?» አለች በቀስታ።

ሐጀራ በአገጯ ወደ ላይ አመለከተች። ፈለቀች ቀና አለች። ከተንጠለጠሉት ስፖኪዮዎች በአንዱ ውስጥ የብሎኩ ደረጃ ይታያል፤ መታጠፊያው፣ ሰኞ ሰኞ የምትቀመጥባት ደረጃ፣ ጥግ ላይ የተላጠው ቀለም ሳይቀር።

«ለሰኞ ደንበኛ ሱቄን ማልጄ ነው የምከፍተው» አለች ሐጀራ። «ወላሂ፣ ስንቴ ልነሣ ብዬ ተቀምጫለሁ። የጫማሽ ማሰሪያ እንደዚያ የሚፈታ ከሆነ አዲስ እንግዛልሽ ስል ነበር።»

ፈለቀች ወደ በሩ አየች። ወጥታ ብትሄድ የሚቀላት መሰላት። «ልቤ ነው» አለች በመጨረሻ። «ከባድ አታንሺ ተብያለሁ። እንግዲህ አወቃችሁ።»

የፈራችው ጸጥታ ይኸው መጣ ስትል ሁንዴ ሸሚዙን ወደ ላይ ገለበጠ። ወገቡ በሰፊ የሕክምና ቀበቶ ተጠፍሯል።

«ከሐምሌ ጀምሮ ነው» አለ። «ሚኒባስ ላይ ሲዋል ወገብ ይተርፋል? የናንተን ጀሪካን ሳወጣ ማታ ሚስቴ በጀርባዬ ላይ ቆማ ነበር የምታድር። እርስዎ እየተሸከሙ እኔ እንዴት ብዬ አቃተኝ ልበል?»

«የኔም አንጓ ከድሮው አይደለም» አለች ሐጀራ እጇን እያሻሸች።

ሁሉም ወደ ሉቃስ ዞሩ። ሉቃስ ቦርጩን አቀፈ።

«አንተማ ስትመዘን ጀሪካኑን አልፈኸዋል» አለው ሁንዴ። «በደንቡ መሠረት ነጻ ነህ።»

ፈለቀች ሳቀች፤ ሳቁ ከዕንባ ጋር ተቀላቀለባትና በነጠላዋ ሸፈነችው። ሁንዴ ግን አልጨረሰም።

«እማማ፣ ይህን ሰምተው ያመለጡ እንዳይመስልዎት። ቶዮታዬን አሸንፈዋል። ይሸከማሉ። ልብዎ ተመዝኖ የሚተርፍብዎት… ሉቃስ፣ ስንት ይሁን?»

«አንድ የሀይላንድ ጠርሙስ በሰው።»

«ሁለት» አለች ፈለቀች።

«ተመዝኗል እማማ» አለ ሉቃስ።

«ሻምፒዮን ነኝ። ሁለት።»

«ትንሹ ሀይላንድ ከሆነ ሁለት» ብላ ሐጀራ ገላገለቻቸው።

ሰኞ ጠዋት ግቢው ሁሉ ሮቶው ጋ ተሰልፎ ሳለ ፈለቀች ስድስት ትንንሽ ሀይላንዶች ይዛ ወርዳ ሞላች። ለሐጀራ ሱቋ ላይ ሰጠቻት። ለሉቃስ ሁለተኛ ፎቅ አደረሰችለት። ለሁንዴ የቀሩትን ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ትንፋሿ አጠረና ተቀመጠች። አንዲት ጎረቤት ልጇን አዝላ ስትወርድ አገኘቻት።

«ምነው እማማ፣ ደከመዎት?»

«አዎ፣ ደክሞኛል» አለች ፈለቀች። ጫማዋን አልነካችም። «ውሃ እያደረስኩ ነው።»

ከታች የሐጀራ ሱቅ ተከፍቷል፤ መስታወቶቹ በጠዋቱ ነፋስ ይዞራሉ። ፈለቀች ሳትዞር አንዱን ሀይላንድ ከፍ አድርጋ አወዛወዘች። ከዚያ ተነሣች።

ሁንዴ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ስትመጣ ያያታል፤ አንድም እርምጃ ወርዶ ሊቀበላት ግን አልሞከረም። እግሩ ሊወርድ እየፈለገ እንደያዘው ፈለቀች አይታበታለች። ደፉ ላይ እስክትደርስ ጠብቆ ውሃውን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት።

«አርፍደዋል» አለ። «የቶዮታ ሰው ቢሆን ድሮ ደርሶ ነበር።»

«መንገድ ዘግተህብኝ ነው» አለች ፈለቀች፣ የበሩን መቃን ይዛ እየተነፈሰች።